ማሽላ የማይበላው ባለአደራ

አንድ ጊዜ፣ ጉሙ ከገደል ወጥቶ ቀኑን ሙሉ በማይገፈፍበት አገር፣ አንዲት አህያ ልትሞት ተኝታ ነበር። ያላት አንድ ውርንጭላና አንድ ጉድጓድ ሙሉ ማሽላ ነው። የጉድጓዱ አፍ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ተመርጓል። ውርንጭላው ራሱን እስኪችል ድረስ፣ በበጋ ሣር ሲጠፋ ከጉድጓዱ እየተዘገነ የሚሰጠው ባለአደራ ያስፈልገዋል።

ዝንጀሮ «እኔ ልጠብቅልሽ» ቢላት «እጅህ አያርፍም» አለችው። አሰበች፣ አሰበችና ቀበሮን አስጠራች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀበሮ ማሽላ አይበላም። የተሸወደችውም እዚህ ላይ ነው።

ዳኛው አንበሳ ቆሞ እያየ ቀበሮ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አኖረ።

«እትዬ፣ አንዲት ፍሬ ብቀምስ ምላሴ ይቆረጥ!»

አህያዋ ጆሮዋን ጣል አደረገች። በዚያው አለፈች።

በጋ ገባ። ሣሩ ደረቀ፤ ጉሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ውርንጭላው የጎድን አጥንቱ ገጦ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ ቀበሮ፣ ራበኝ። ጉድጓዱን ክፈትልኝ።»

ቀበሮ ሆዱ ተነፍቷል፣ ፀጉሩ ያብለጨልጫል። «ቀስ በል ማሙሽ! እስኪ ጆሮህን ድንጋዩ ላይ አድርግ።»

አደረገ። ከመሬት በታች ቅርጥም... ቅርጥም... ይላል።

«ምንድን ነው?»

«እናትህ ናት» አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እህሏን እየጠበቀች ነው። ከከፈትክባት ተቆጥታ ትሄዳለች።»

«ታዲያ ለምን ትበላለች?»

«ሙት አይርበውም ያለህ ማነው?»

ውርንጭላው ብቻውን ሲቀር አፉን ወደ ድንጋዩ አስጠጋ። «እማ?»

ማኘኩ ቀጥ አለ። ከታች ያለው ነገር ይሰማዋል ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፦ ቅርጥም።

ፀጉሩ ቆመ። ግን አልሸሸም፤ እናት ናታ! እዚያው ድንጋዩ ላይ ተኝቶ እያወራት መክሳቱን ቀጠለ።

ከጉሙ ውስጥ ጅብ ብቅ አለ። ውርንጭላው ከድንጋዩ ላይ ተንከባሎ ወረደ።

«አያ ጅቦ፣ በናትህ አትብላኝ!»

«አንተን? ቆዳ የለበሰ አጥንት! ይልቅ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከእናቴ ጋር። ከታች ሆና እየበላች ነው።»

የጅቡ ለሃጭ ተዝረበረበ። «አህያ... ከመሬት በታች... እየበላች! ይሄኔ እንዴት ሰብታለች!»

ድንጋዩን በጥርሱ ነቅሎ ወረወረና ዘሎ ገባ።

ማሽላ የለም። ገለባ ብቻ። ገለባው ላይ ደግሞ ዓይን ነው፤ ትንንሽ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ዓይን፣ ሁሉም ወደ ላይ ያያል። ከዚያ አይጦቹ እንደ ጢስ እየተትጎለጎሉ ወጡና በውርንጭላው እግሮች መሃል አልፈው ጉሙ ውስጥ ጠፉ። ጅቡ መውጣት አቅቶት ታች ቀረ። «ኧረ አህያዋ የታለች?» ይላል።

ውርንጭላው በድንጋጤ ሲያናፋ አንበሳ ሰማ። ቀበሮን ከፊቱ እየነዳ መጣና ዙሪያውን ቃኘ። ከቁጥቋጦው ስር ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባ፣ በቀበሮ ጥፍር የተቆፈረ ቀዳዳ አገኘ። ደጃፉ ላይ የአይጥ ጅራት ተበትኗል።

«ጌታዬ፣ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም!» አለ ቀበሮ።

«እህሉን አይጥ በላው፣ አይጡን አንተ በላኸው። ታዲያ ምኑ ቀረህ?» አለ አንበሳ። «አደራ የተሰጠህ ልትሰባበት ነው? ልጁስ አሳየኝ ሲልህ በሙት እናቱ ታስፈራራዋለህ? በል፣ ምንጩ ዳር ያለው መስክህ ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ነው።»

ቀበሮ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሹልክ ሊል ሲል፣ «ወዴት ነው?» አለው። «የተረፈች ፍሬ ካለች ወርደህ ልቀም። አደራ አስረክበህ ነው የምትሄደው።»

«ታች እኮ አያ ጅቦ አለ!»

«አውቃለሁ።»

ቀበሮ ወረደ።

«ውይ ጋሼ ቀበሮ!» አለ ጅብ ከጨለማው። «አህያዋን አጣኋት። አንተስ፣ እንዴት አምሮብሃል በል!»

ውርንጭላው አንገቱን አስግጎ ሊያይ ሲል አንበሳ በመዳፉ አዞረው። «መስኩ በዚህ በኩል ነው» አለው። ጉሙን ሰንጥቀው ሄዱ። ከኋላቸው የተጣራ የለም።

ከዚህ የምንማረው የሰው አደራ የያዘ ሁሉ የራሱን አፍ መከልከሉ ብቻ እንደማይበቃው፣ ሳያተርፍበት ከሌላም አፍ መጠበቅ፣ ባለቤቱ አሳየኝ ሲለውም ከፍቶ ማሳየት እንዳለበት ነው።