መተሐራ ላይ የቀረው ነፋስ

አባቴ «ያልገባህን ነገር ጸልይበት፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ» ይለኝ ነበር።

እኔ የዳይሬክተራችን የአቶ ዘርጋው ሾፌር ነኝ። እሳቸው ባለጉዳይን ሳምንት በር ላይ ሳያስቆሙ አያነጋግሩም። ለጉብኝት ስንወጣ ስማቸውና ማዕረጋቸው የተጻፈበትን ሰፊ ሸራ የመኪናው ፊት ላይ ወጥሬ እንዳስር አዘዙኝ፤ አሰርሁ።

መተሐራ ስንደርስ ኤሲው የምድጃ ትንፋሽ ይተፋብን ጀመር።

«የሚያቀዘቅዘውን እቃ ሸጠኸዋል!» ብለው ጮኹብኝ። «የታለ? አሁን አሳየኝ! ካጣኸው ቁልፉን አስረክበህ በእግርህ ትመለሳለህ።»

ዳሽቦርዱን ከፈትሁ፣ ወንበር ሥር ገባሁ፤ የለም። ቅዱስ ገብርኤልን እየተማጸንሁ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን አንድ ጎሚስታ ጠራሁ። ሰውየው እጁን ከሸራው ሥር ሰደደና ራዲያተሩ ፊት የተገጠመውን ጠፍጣፋ እቃ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አሉ አቶ ዘርጋው ላባቸውን እየጠረጉ።

ጎሚስታው ሸራውን ከዳር እስከ ዳር አነበበና እሳቸውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ወንድሜ፣ እቃህ ቦታው ላይ አለ፤ አልተሸጠም። እሱን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ የዳይሬክተር በር መሆኑን ሲያነብ ጊዜ፣ እንደ ማንም ባለጉዳይ ውጭ ቆሞ ደጅ እየጠና ነው።»