ክኒን የለመደው የእንየው አውራ ዶሮ

በእኛ ከተማ አንድ ሰው ከአዋቂ የተሰጠውን ምክር ወደ ጎን ትቶ ከመንገድ የሰማውን ሲከተል ካዩት፣ ሽማግሌዎቹ አይቆጡትም። ፈገግ ብለው «ለመሆኑ ዶሮህ ደኅና ነው?» ይሉታል። እንግዳ ከሆነ ዶሮ የለኝም ብሎ ይከራከራል። የአገሩ ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ አባባሉ ከየት እንደመጣ ያውቃላ! ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው።

እንየው የሚባል ቅቤ ነጋዴ ነበር። ቅቤ በማወቅ አቻ አልነበረውም። ገበሬዎቹ ቅቤያቸውን በቅልና በኮባ ቅጠል ይዘው ሲመጡ ሌላው ነጋዴ አገላብጦ ያያል፣ ያሸታል። እንየው ግን ሌባ ጣቱን እስከ አንጓው ይሰድና አውጥቶ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከዚያ «ይቺ ላም ከወለደች ሦስት ወሯ ነው» ይላል፤ ወይም «አንቺ፣ ሙዝ ቀላቅለሽበታል፣ ንስሐ ግቢ» ይላል። አይሳሳትም። በቅዳሜ ገበያ ሰባ ቅል ቢቀርብለት ሰባ ጊዜ ይልሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ በልቶ አያውቅም፤ ርቦትም አያውቅም።

ታዲያ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ትልቅ ቅል ሲያነሳ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ቅሉን አስቀምጦ እሱም አጠገቡ ተቀመጠ። ወዲያው ለቀቀው፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። አባቱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ እዚያው ገበያ ውስጥ፣ ደረታቸውን ይዘው እንደተቀመጡ ነበር የቀሩት። እንየው ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ይህን ለማንም ባይናገርም ሌት ተቀን ከልቡ አይወጣም ነበር።

ሚስቱ ማናህሎሽ እየገፋች ወደ ክሊኒክ ወሰደችው። እዚያ ያለችው ሐኪም ዶክተር ትርንጎ፣ እንየው በልጅነቷ የሚያውቃት የከተማው ልጅ ናት። ደሙን መርምራ ወረቀቱን አየችና ፊቷ ኮስተር አለ።

«ጋሼ እንየው፣ ኮሌስትሮል የምንለው የደምዎ ስብ ሁለት መቶ ሰማንያ ደርሷል። ከሁለት መቶ ማለፍ አልነበረበትም። የልብዎን የደም ሥር እያጠበበው ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«ይቺን ክኒን በየምሽቱ አንድ አንድ ይውጣሉ። ጡንቻዎን ካመመዎት ለእኔ ይንገሩኝ፣ እንቀይረዋለን። ቅቤውን ግን መላስ ይተዉ።»

«ሳልቀምስ እንዴት ልገዛ?»

«በዓይንዎ ይዩታ።»

«ዓይን ስለ ቅቤ ምን ያውቃል!» አለ እንየው፣ ልቡ ከመታመሙ ይልቅ ሙያው መነካቱ ከንክኖት። «ክኒኑንስ እስከ መቼ ነው?»

«ምናልባት ዕድሜ ልክዎን።»

«ዕድሜ ልክ! ማንን ገደልኩ?»

ሦስት ቀን ዋጠ። በአራተኛው ቀን ባቱን አመመው። በዋዜማው አሥራ ሁለት እንስራ ቅቤ ከመኪና አውርዶ ነበር፤ እሱ ግን ያሳበበው በክኒኑ ነው። ዶክተሯ ካመመዎት ይንገሩኝ ብላው የለ? አልሄደም። የሄደው ወደ አበልጁ ወደ ቸኮል ነው።

ቸኮል እስከ አምና ድረስ የሠርግ ድንኳን ያከራይ ነበር። ድንኳኑን ነፋስ ሲቀድበት ሥራ ቀየረና፣ ከአዲስ አበባ ጠርሙስ ሙሉ እንክብል እያመጣ በቦርሳ ይዞ የሚዞር ሆነ። ስለ ድንኳን ያወራበት በነበረው አንደበት አሁን ስለ ልብ ያወራል።

«ፋብሪካ የሠራው ነገር ከደምህ ጋር ምን ያዛምደዋል?» አለው ጠርሙሶቹን እየደረደረ። «ይኸው ነጭ ሽንኩርት። ይኸው እርድ። ይኸው ቀረፋ። ይቺ ደግሞ የሁሉም አለቃ፣ የዓሣ ዘይት። ዓሣ ልቡን ታሞ አይተህ ታውቃለህ?»

እንየው አሰበ። እውነትም አላየም።

«ይሄስ የፋብሪካ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱን ጠርሙስ እያገላበጠ።

«ፋብሪካው የሠራው ጠርሙሱን ነው። ውስጡ ተፈጥሮ ነው። ካላመንከኝ እንወራረድ! እስከ ፋሲካ የእኔን ውሰድ። ያ ቁጥር ከወረደ ሙክት ታርድልኛለህ፤ ካልወረደ እኔ አርድልሃለሁ።»

የደም ስብ ቢቀንስ ሽልማቱ የሰባ ሙክት መሆኑ ለሁለቱም አልታያቸውም። ተጨባበጡ።

ችግሩ ማናህሎሽ ነበረች። ባሏን ትወዳለች፣ አማቷ እንዴት እንደሞቱም አልረሳችም። ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክኒኑን በአንድ እጅ፣ ውኃውን በአንድ እጅ ይዛ ፊቱ ትቆማለች። «በል ዋጥ!» ትለዋለች። እንየው ክኒኑን ከምላሱ ሥር ሸሽጎ ውኃውን ይጠጣና «ዶሮዎቹን ላስገባ» ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። መጣል እንኳ ሊጥለው ነበር፤ ግን ያደገው መድኃኒት የጣለ እግዜርን ያስቀይማል ሲባል እየሰማ ነው። ስለዚህ ለፋሲካ እየቀለበው ለነበረው ገብስማ አውራ ዶሮ ሰጠው። ዶሮው ቀና ብሎ አየው፣ ጎረሰ፣ ዋጠ።

በሳምንቱ ዶሮው ሰዓቱን ለመደ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ ዶሮዎች ወደ ቆጥ ሲወጡ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ እንየውን ይጠብቃል። ሲያረፍድበትም ይጮኽበታል።

አንድ ነገር ብቻ እንየውን አስጨነቀው፤ የዓሣ ዘይቱ። ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ ቢረሳው ሄደና በሁዳዴ ቢውጠው ይገድፍ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ለመድኃኒት ከሆነ እግዚአብሔር ይፈታል» አሉት። «መድኃኒት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ቸኮል።»

«ቸኮል? ባለ ድንኳኑ?» ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «በል ልጄ፣ የዓሣውን ለፋሲካ አቆየው። ድንኳኑ እንኳ ዝናብ አላስጣለንም።»

እንየው ታዛዥ ነውና የዓሣውን ጠርሙስ ሳይከፍት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሌሎቹን ግን ጠዋትና ማታ ይውጣል። ሁዳዴውንም እንደ አባቶቹ ጾመ፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ቅቤውንም በሁዳዴ አይቀምስም፤ እያዘነ በአፍንጫው ይገዛ ነበር። ቀን ይቆጥራል፣ ሽሮና ጎመን ይበላል፣ በስግደቱም ወገቡን ይፈትሻል።

በሰሞነ ሕማማት ሄዶ ተመረመረ። ዶክተር ትርንጎ ወረቀቱን አይታ ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት።

«ሁለት መቶ አሥር! ጋሼ፣ ሰባ ወርዷል! ክኒኑን በደንብ ወስደዋል ማለት ነው።»

እንየው በሆዱ ሳቀ። «አይ አንቺ ልጅ፣ ብታውቂ» አለ ለራሱ።

«ጾሙም ረድቶዎታል፤ ከፋሲካ በኋላ ግን...» ማለት ጀምራ ነበር። እንየው ባርኔጣውን አድርጎ ወጥቷል። ቸኮል በር ላይ እየጠበቀው ነበራ!

ያን ዕለት ቸኮል «ያወረደው የእኔ ጠርሙስ ነው» ብሎ የተናገረውን ከተማው ሁሉ ሰማው። እንየውም ምስክር ሆነ፤ በተለይ የዓሣውን ዘይት አመሰገነ። ጠርሙሱ ገና እንዳልተከፈተ ትዝ ያለው ቤቱ ሲገባ ነው። «ቤት ውስጥ መኖሩም ይጠቅማል» ብሎ ራሱን አጽናና።

ፋሲካ ሆነ። እንየው በቃሉ መሠረት ሙክቱን አረደ፤ ላቱን ሁለቱ አበልጆች ተካፈሉት። ገብስማውን አውራ ዶሮ ግን አላስነካም። ማናህሎሽ ቢላዋ ስታቀብለው «ይሄማ ይቆይ፣ ሌላ እገዛለሁ» አለ።

«ለፋሲካ አይደል እንዴ ሁለት ወር ስትቀልበው የከረምከው?»

«ለመድኃኔ ዓለም ብዬ ተውኩት!»

ማናህሎሽ መንፈሳዊ ሆነልኝ ብላ ደስ አላት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ክኒኑ ገና አላለቀም፣ የሚውጠው ያስፈልጋል።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እንየው የሁዳዴውን ጥም ሁሉ ሊወጣ ተነሣ። አንዱን ቅል አንዴ ይልስ የነበረው፣ አሁን «ላረጋግጥ» እያለ ሁለቴ ይልሳል። ቁርሱ ላይ ቅቤ፣ ምሳው ላይ ቅቤ። ማናህሎሽ ስትቆጣው «ምን ቸገረሽ፣ መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው» ይላታል። ውሸትም አልመሰለው፤ የዓሣውን ዘይት ከፍቶ ሦስት ሦስት ይውጥ ነበር።

ሃምሳው ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ አርባ ሁለተኛው ቅል ላይ ጣቱን እንደሰደደ ደረቱ ዳግመኛ ተያዘ። ያሁኑ እንደ በፊቱ አልነበረም። ላብ አጠመቀው። አባቱ በተቀመጡበት ቦታ፣ አባቱ እንደተቀመጡት ተቀመጠ። «አለቀልኝ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሰው ፊት አለቀሰ። በጋሪ ጭነው፣ ጣቱን ቅቤ እንደነካው፣ ክሊኒክ አደረሱት።

ዶክተር ትርንጎ ስትሯሯጥ ቆይታ በመጨረሻ ተነፈሰች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልብዎ ማስጠንቀቂያ ሰጠዎት እንጂ አልተጎዳም። ግን ሁለት መቶ ዘጠና! ይሄ እንዴት ይሆናል? ክኒኑን አቋርጠዋል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች ማናህሎሽ። «በዓይኔ በብረቱ እያየሁት ነው የሚውጠው!»

እንየው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ወስደው አስተኙት። አመሻሹ ላይ ዶክተሯ ልታየው መጣች፣ ቄስ ቢረሳውም ጠበል ይዘው መጡ፣ ቸኮልም አንድ አዲስ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማናህሎሽ እንደ ልማዷ ክኒኑንና ውኃውን ይዛ ቀረበች።

«በል ዋጥ።»

ይህን ጊዜ በሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። ገብስማው አውራ ዶሮ ሰተት ብሎ ገባ። ማንንም አልፈራም፤ በቄሱ እግር ሥር አልፎ፣ የቸኮልን ቦርሳ ረግጦ፣ እንየው የተኛበት አልጋ ላይ ዘለለ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ፣ ማናህሎሽን እያየ፣ አፉን ከፈተ።

ማናህሎሽ ዶሮውን አየች። ክኒኑን አየች። ባሏን አየች።

«እንየው!»

«እ... የዛሬው የእኔ ነው» አለ እንየው በደካማ ድምፅ፣ ዶሮውን በክርኑ ገፋ እያደረገ።

ከዚያ ሁሉንም ተናዘዘ። ቸኮል ግን እጅ አልሰጠም። «ቢሆንም በፋሲካ ቁጥሩ ወርዶ ነበር! የእኔ ጠርሙስ አይደል እንዴ ያወረደው?»

ዶክተር ትርንጎ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ጋሽ ቸኮል፣ ያወረደውማ ሁዳዴ ነው! ሃምሳ ቀን ያህል ቅቤ ያልቀመሰ ሰው ድንጋይ ቢልስም ይወርድለታል። የእኔ ክኒን በብዙ ሺህ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው የመጣው፤ የእርስዎ ጠርሙስ የተሞከረው በጋሼ እንየው ላይ ብቻ ነው፤ ያውም በጾም። ነጭ ሽንኩርቱንና እርዱንማ ማን ጠላው? ወጥ ውስጥ ይግቡ።»

ቸኮል ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ወደ ቦርሳው መለሰ። «ሙክቱንስ?» አለው እንየው። ቸኮል ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

እንየው ክኒኑን ከማናህሎሽ እጅ ወሰደ፣ ዋጠ፣ ሳትጠይቀውም አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ አሳያት። እሷም አየችለት፤ ከዚያ እያለቀሰች በመዳፏ ትከሻውን መታችው። ዶሮው ተቀይሞ ከአልጋው ወረደ።

«አባቴ፣ እንግዲህ ምን ይበሉኝ? ይፍቱኝ» አለ እንየው ወደ ነፍስ አባቱ ዞሮ።

ቄስ ቢረሳው መስቀላቸውን አወጡና፣ በበሩ ደረቱን ነፍቶ የሚወጣውን፣ በከተማው ውስጥ ከማንም የተሻለ የታከመውን አውራ ዶሮ በዓይናቸው ሸኝተው፣ «መፍታቱንስ እፈታሃለሁ ልጄ፤ ከእንግዲህ አገር የሚልህን ግን እኔም አላስቀረው፦ መድኃኒቱን ለዶሮ፣ ወሬውን ለጉሮሮ!» አሉት።