የተበጠሰው ገመድ ግማሽ

በአንድ ወቅት፣ ብረት የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ ሸማኔም ገና ሳይወለድ፣ በአንድ ጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ በዋሻ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ስለታቸው ባልጩት፣ ዕቃቸው ቅል፣ ሀብታቸው ደግሞ ገመድ ነበር። ገመድ ስላችሁ እንዳትንቁት። ገደሉ ወገብ ላይ ንቦች የሰፈሩባቸው ስንጥቆች ነበሩ። ዝናብ በቀረ ዓመት፣ ሥራሥሩም ፍሬውም ሲጠፋ፣ እነዚያን ሰዎች ከሞት የሚያተርፋቸው ያ ማር ብቻ ነው። ወደ ማሩ የሚያደርሰው ደግሞ ገመድ ብቻ።

ገመዱን የሚሠሩት ከቃጫ ነበር። ቅጠሉን በባልጩት ይቆርጣሉ፤ በቀርከሃ ስንጣቂ ይፍቁታል፤ ቃጫውን አጥበው ሰባት ቀን ጥላ ውስጥ ያሰጡታል። ከዚያ ጭናቸው ላይ እያሹ ያከርሩታል፤ ሦስት ክር ሲሆን አንድ ላይ ይገምዱታል። በመጨረሻ ፈታኟ ትመጣለች። ሰው የሚያህል ድንጋይ በገመዱ አስራ፣ ዋርካው ላይ ከንጋት እስከ ንጋት ታንጠለጥለዋለች። ከያዘ፣ ከራሷ አንዲት ፀጉር ነቅላ በላይኛው ጫፉ ትቋጥርበታለች። ያቺ ፀጉር ባለችበት ገመድ ማንም ዓይኑን ጨፍኖ ይንጠለጠላል።

የዚያን ጊዜዋ ፈታኝ ዛሌ የምትባል ባልቴት ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ታላቁ ገርሞ፣ ታናሹ ቦልቃ። ገርሞ ገመድ ገማጅ ነው። ቦልቃ ማር ቆራጭ ነው፤ ሚስቱ ሹኔ ቃጫ ትፍቃለች፤ ገና ጥርስ ያላወጣ ወንድ ልጅም አላቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ገመዱን የሚይዘው ደግሞ የዛሌ ወንድም ዳርጌ ነው። እንግዲህ አንድ ገመድ አንድ ቤተሰብ ነበር ማለት ነው። ዛሌም በዚህ ትኮራ ነበር፤ እንዲያውም ሲበዛ ትኮራ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። በአንድ ሳምንት ሁለት ሕፃናት ተቀበሩ። አሮጌው ገመድ በስብሶ ነበርና አዲስ መሥራት ግድ ሆነ።

ሹኔ ቅጠሉን ቆረጠች፣ ፋቀች፣ አጠበች። የሕፃኑ ለቅሶ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ። ጡቷ ደርቋል። ሰባት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ የተባለውን ቃጫ ወስዳ ትኩስ ዓለት ላይ ፀሐይ አሰጣችው፤ በሁለት ቀን ደረቀላት። ፀሐይ የመታው ቃጫ እንደሚሰባበር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። እያወቀች አደረገችው።

ገርሞ ቃጫውን ጭኑ ላይ ሲያሽ እየተቆረጠ አስቸገረው። ነገሩ ወዲያው ገባው። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመር ነበር። እሱ ግን የተሰበረውን እየለቀመ ጣለ፣ ደህናውን ገመደ። የተረፈው ቃጫ እስከ ማሩ የሚያደርስ አልሆነም። ስለዚህ መሐል ላይ አሥሩን ክንድ በሦስት ክር ፋንታ በሁለት ገመደው፤ እንዳያስታውቅ ደግሞ አላልቶ ወፍራም አስመሰለው። «አንድ ሰው ይይዛል፤ አንዴ ወርዶ አንዴ ይወጣል» አለ ለራሱ።

ዛሌ ድንጋዩን አሰረች፣ ገመዱን ዋርካው ላይ ሰቀለች። ሕፃኑ ከዋሻው ውስጥ አለቀሰ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ከለቅሶው ይበልጥ አስደነገጣት። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ድንጋዩን አወረደችና ነጭ ፀጉሯን ነቅላ ቋጠረች። ማንም «ምነው ቸኮልሽ?» አላላትም። ረሀብተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም።

በማግስቱ ጠዋት ቦልቃ የእናቱን ፀጉር በጣቱ ዳሰሰና ሳቀ። «እማዬ፣ በዚህ ዓይነት መላጣ ሆነሽ መቅረትሽ ነው» አላትና ወረደ።

ዳርጌ ገመዱን ቀስ እያለ ለቀቀለት። ያ አሥር ክንድ የገደሉን ከንፈር እየፋቀ ሲያልፍ ሲላጥ በዓይኑ አየ። አርባ ዓመት ገመድ የያዘ ሰው ነው፤ ገመዱ አንድ ሸክም እንደሚያወጣ፣ ሁለተኛ እንደማይችል አወቀ። ወጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ይወጣል፣ ማሩ ኋላ። ዞር ብሎ ከጀርባው አየ። አርባ ሰው ተቀምጧል፤ ለመቆም አቅም ያለው ጥቂቱ ነበር። ሌላ ገመድ እስኪሠራ ከእነዚያ ልጆች ማን ይተርፋል?

ከታች የቦልቃ ድምፅ መጣ። «አጎቴ፣ ሁለት ቅል ሞልቻለሁ! ልውጣ?»

«ማሩን እሰር!» አለ ዳርጌ።

«ማሩን አስቀድሜ?»

«እሰር አልኩህ!»

ቦልቃ አጎቱን ያምናል፤ አሰረ። ሁለቱ ቅሎች በቃጫ መረብ እንደተቋጠሩ ወጡ። ሰዎቹ ተረባረቡባቸው። ሹኔ ጣቷን ነክራ ሕፃኑን አጠባችው፤ ሕፃኑ ዓይኑን ገለጠ። ዛሌም ከመዳፏ ላሰች፤ ጣፈጣት፤ ደግማ ላሰች። ያን ጊዜ ዳርጌ ገመዱን እንደገና አወረደ። ቦልቃ ወገቡ ላይ አሰረና «ሳብ!» ብሎ ጮኸ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ገመዱ ተበጠሰ። ዛሌ ልጇ ሲወድቅ የሰማችው አፏ ውስጥ ማር እያለ ነው። ትዋጠው ወይስ ትትፋው ጨነቃት፤ በመጨረሻ ዋጠችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

እነዚያ ሰዎች አንድ ክፉ ወግ ነበራቸው። ገመድ ተበጥሶ ሰው ሲሞት፣ የቀረው የገመድ ግማሽ በሟች እናት ፊት ይዘረጋል። እናት አንድ ስም ትጠራለች። ስሙ የተጠራው ሰው በዚያው በተበጠሰው ገመድ ወርዶ ሬሳውን ያወጣል። ማለት ወርዶ ይቀራል፤ እስከዚያ ቀን ወርዶ የወጣ አልነበረም። ስም እስኪጠራ ሬሳው አይነሳም፣ አዲስ ገመድም አይገመድም። ፈታኟ ግን አትጠየቅም፤ ለምን ቢባል፣ ፀጉሯን የሰጠች ከራሷ ሰጥታለችና ይላሉ። ወጉን ያወጡት ፈታኞች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ገመዱ ዛሌ ፊት ተዘረጋ። ከገደሉ በላይ አሞራ ይዞራል። ማሩም እያለቀ ነው።

ሹኔ ሕፃኑን ታቅፋ ቀረበች። «ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ። ጥላ ውስጥ ብጠብቅ ኖሮ ዛሬ የሚቀበረው ይሄኛው ነበር። ባሌንም የገደልኩት እኔ ከሆንኩ ይንገሩኝ። ልጁን ግን ማን ያሳድገዋል?»

ገርሞ ተንበረከከ። «በሁለት ክር የገመድኩት እኔ ነኝ። ግን እማዬ፣ ለአንድ መውጣት በቂ ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ አጠገቤ ይቆም ነበር። ደግሞ ከእኔ ሌላ ልጅ የለሽም።»

ዳርጌ ቆሞ ተናገረ። «ገመዱ ሲላጥ አይቼ ነው ማሩን ያስቀደምኩት። አንድ ነፍስ በአርባ ነፍስ ለወጥኩ። ያ አንዱ ያንቺ ልጅ መሆኑን አውቅ ነበር፣ እህቴ። የማላውቀው ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።»

ዛሌ ይህን ስትሰማ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ያ ማር ምላሷ ላይ መጣባት፤ መልሳ ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ ግን ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። «ዛሌ፣ ስም ጥሪ እንጂ! አሞራው አንቺን አይጠብቅም» አሏት።

ዛሌ ገመዱን አነሳች። ከተበጠሰው ጫፍ ጀምራ በጣቶቿ እየዳሰሰች ወደ ላይ ወጣች። የሹኔ ቃጫ እጇ ላይ ተፈረፈረ። ገርሞ በሁለት ክር የገመደው ላላ አለ። ዓለቱ የላጠውን፣ ዳርጌ እያየ ያሳለፈውን ነካች። ላይኛው ጫፍ ስትደርስ ነጯን ፀጉር አገኘቻት። ያ ሁሉ ቃጫ ሲበጠስ እሷ አልተበጠሰችም፤ እንደቋጠረቻት ነበረች። ቦልቃ የዳሰሳት፣ አይቶም የሳቀባት ፀጉር ናት። ዛሌ ፀጉሯን ከነቋጠሮዋ በመዳፏ ጨበጠችና ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ሕፃኑ የሹኔን ደረት እየፈለገ ይነጫነጫል። ሰዎቹ ሁሉ አፏን አፏን ያያሉ።

አፏን ከፈተች።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ስትከራከሩ ግን ሬሳው ከታች እንዳለ አትርሱ። ቃጫውን ፀሐይ ላይ ያሰጣችው፣ በሁለት ክር የገመደው፣ ማሩን ያስቀደመው፣ ወይስ ማንም የማይጠይቃት፣ መዳፏን የጨበጠችው እናት፤ የገመዱ ግማሽ የሚገባው ለማን ነው?