ከቀንበሩ የተቆረጠው ቦራ

ተረቴን ልጀምርላችሁ፤ እናንተም ጆሯችሁን አቅርቡ።

ድሮ ድሮ፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ፣ ቦራና ዳልቻ የሚባሉ በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው ይኖሩ ነበር። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ዳልቻ አመድማ ነው። በፎቶ ውስጥ እርሻ አያልቅም፣ በሬም አይደክምም። ቦራ ከዳልቻ ጎን ከመቆም ሌላ ምንም አይመኝም ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ተክሉ የሚባሉ ሥጋ ሻጭ ፎቶውን ይዘው መክብብ ወደሚባል ፎቶ አቀናባሪ መጡ።

«ለልኳንዳዬ ታፔላ ነው ልጄ። ይሄ ባለ ነጭ ግንባሩ ብቻውን ይውጣልኝ፤ ሲያምር!»

«ችግር የለም ጋሼ» አለና መክብብ በኮምፒውተሩ ምስል ከቦ የሚቆርጠውን መስመርን ወደ ፎቶው ላከው።

መስመር ቀጭን ነው፤ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረበትም። ነጥብ ይተክላል፣ ይሳባል፤ ነጥብ ይተክላል፣ ይሳባል። ከቦራ ጭራ ተነሥቶ በጀርባው ዞረ።

ቦራ ደነገጠ። «ወንድሜ መስመር፣ ምን ልትሠራ ነው?»

«ልከብህ ነዋ። ከውስጤ ያለው ይቀራል፣ ከውጭ ያለው ይጠፋል።»

«እባክህ፣ ዳልቻንም አስገባልኝ።»

«ዳልቻ አንተ አይደለም» አለና ነጥብ ተከለ።

ሆዱ ሥር ደረሰ። «እሺ፣ ጥላዬን ተውልኝ። ከዳልቻ ጥላ ጋር ተቀላቅሏል።»

«ጥላም አንተ አይደለም» አለና ነጥብ ተከለ።

አንገቱ ላይ ደረሰ። ቦራ አለቀሰ። «ቀንበሩንስ? ግማሹን ብቻ! ዳልቻ ሲተነፍስ የማውቀው በሱ ነው።»

«እንጨትም አንተ አይደለም።»

ዳልቻ ከወዲያ ጮኸ፤ «እሱን ወስደህ እኔ ከማን ጋር ልረስ?»

መስመር ዞሮም አላየው። መጀመሪያ ከተከለው ነጥብ ጋር ገጠመና ተዘጋ። ቦራ ነጭ ባዶ ላይ ቆመ። መሬት የለ፣ ጥላ የለ፣ ዳልቻ የለ። አንገቱ ግን ለቀንበሩ እንዳጎነበሰ ቀረ።

ጋሽ ተክሉ አዩትና ፊታቸው ተለወጠ። «ያ የሚያምረው በሬ የት ሄደ? ይሄ አንገቱን የደፋው ታሞ ነው?»

«ያው ራሱ ነው ጋሼ። አንድ ፀጉር አልጎደለበትም።»

«የታመመ በሬ ሥጋ ማን ይገዛኛል? አጥፋው፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

መክብብ አጠፋው። ዳልቻም በጎኑ የበሬ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ፣ በጫንቃው ያዘመመ ቀንበር ይዞ ቀረ። እርሻውም ያን ቀን ቆመ።

እናንተም ስሙኝ፤ ብቻውን ጎልቶ ይታይ ብላችሁ ከጓደኛው የምትለዩት፣ ያማረበትን ነገር አብራችሁ ትቆርጡበታላችሁ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቦራን ግን የሚመልሰው የለም።