ትርንጎና ከሚዳቋ የተገዛው ከበሮ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙ። አውሬ ገበያ ይወጣ በነበረበት፣ ዕቃም ሲያናግሩት ይመልስ በነበረበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር እሜት ዘርፌ የምትባል ጃርት ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። የልጅቱ ስም ትርንጎ ነው።

ትርንጎ ያገኘችውን ሁሉ ትመታ ነበር። እንስራ መታች፤ እንስራው ተሰበረ። የጎረቤት በር መታች፤ ባለቤቱ ወጥቶ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። ኤሊን ጀርባው ላይ መታችው፤ ኤሊ ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው አባቷን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርንጎ ብዙ አትናገርም፤ የጀርባዋ ወስፌም ቀጥ ብሎ እንደቆመ ቀረ። ስትበላም ቆሟል፣ ስትተኛም ቆሟል። እናቷ ልታቅፋት ብላ ሁለት ጊዜ ተወጋች። በሦስተኛው ተወችው።

ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ለኮረብታው ዳኛ ለዝንጀሮ አቤት አሉ። ዝንጀሮ ሁሉንም በየተራ ሰማ፤ ኤሊ ዘግይቶ ስለደረሰ እሱንም ጠብቆ ሰማ። ከዚያ ፈረደ። ልጅቱ የምትመታው የራሷ የሆነ ነገር ይኑራት፤ እስከ ሐሙስ ገበያ ካልተገኘ ግን እናትና ልጅ ጉድጓዱን ይልቀቁ አለ።

እሜት ዘርፌ ቤቷ ገብታ አሰበች። ለክረምት ያስቀመጠችው ሁለት ቁና ድንች አላት። አንዱን ለከበሮ ብታወጣ አንዱ ይቀራል። ግን ይቺ ልጅ ካቻምና ዋሽንት ካልተገዛልኝ ብላ አልቅሳ፣ ተገዝቶላት፣ በአራተኛው ቀን ለጉንዳን ድልድይ አድርጋዋለች። ከበሮውም ቢሰለቻትስ? በርትተሽ ትማሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ትርንጎ የድንቹን ቁና መታ መታ አደረገችው።

ሐሙስ ጧት እሜት ዘርፌ ሁለቱንም ቁና ተሸከመች። ሁለተኛውን ግን በጨርቅ ሸፍና አሰረችው፤ እንደማትነካውም ለራሷ ማለች። ከዚያ ልጇን ይዛ ወጣች።

ከበሮ ስላችሁ አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእግር እየተረገጠ የሚመታ ትልቅ አለ፤ በዱላ የሚመቱ ትናንሾች አሉ፤ ከጎን ቆሞ የሚመታ የነሐስ ሳህን አለ፤ መቺው የሚቀመጥበት በርጩማም አለ። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ይሸጣል።

መጀመሪያ ጦጣ ዘንድ ሄዱ። የጦጣ ከበሮ ሰባት ነው፤ ሳህኑ ሦስት ነው፤ ዋጋው ስምንት ቁና ነው። ትርንጎ በርጩማው ላይ ወጣች። እግሯ መርገጫው ጋ አልደረሰም፤ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ጦጣ ችግር የለም፣ ታድጋለች አለ። ያን ጊዜ ትልቁ ከበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዚህ በፊት ምን ምን መትታለች?» ሲል ጠየቀ።

«እንስራ፣ በርና ኤሊ» አለች እሜት ዘርፌ።

«እኔ የጎሽ ቆዳ ነኝ። ጀማሪ አይነካኝም።»

እሜት ዘርፌ አመስግና ልጇን ከበርጩማው አወረደቻት።

ቀጥለው ቀበሮ ዘንድ ሄዱ። የቀበሮ ከበሮ ቀይና ቢጫ ነው፤ ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ዋጋው ግማሽ ቁና ብቻ ነው። እሜት ዘርፌ በልቧ የሚተርፋትን ድንች ቀቅላ መብላት ጀመረች። ቀበሮ አንድ ጊዜ ምቺው ብሎ ለትርንጎ ዱላ ሰጣት። መታችው። ድም አለ። እንደገና ልትመታ ስትል ቀበሮ እጇን ያዘ።

«አንዱ ይበቃል» አለ።

«ልጄ የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው» አለች እናቷ።

ትርንጎ ሁለተኛ መታችው። ከበሮው ተቀደደ፤ ዱላው እስከ መያዣው ገባ። ቀበሮ የሰበረ ይከፍላል፣ ድንቹን አምጪ አለ። ይሄኔ ራሱ ከበሮው በተቀደደ አፉ ተናገረ።

«እውነቱን ልናገር። እኔ ቆዳ አይደለሁም፤ ቀለም የተቀባሁ የኮባ ቅጠል ነኝ። ጧት ነፋስ ሲነፍስም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

ቀበሮ ከበሮውን ተቆጣው። እሜት ዘርፌ ወስፌዋን በትንሹ አቆመች። ቀበሮ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ተራ ሄደ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ገበያተኛው መበተን ጀመረ። እሜት ዘርፌ ጉድጓዷን እያሰበች፣ ለቀው ወዴት እንደሚሄዱ እያሰበች ስትሄድ፣ ከገበያው ዳር አንዲት ሚዳቋ ዝም ብላ ተቀምጣ አየች። ፊቷ ሦስት ከበሮና አንድ ሳህን ተደርድሯል። ሳህኑ ጠርዙ ጎብጧል፤ የበርጩማው አንድ እግር በጠፍር ታስሯል። ይህን ሁሉ ይመታ የነበረው የሚዳቋ ልጅ ነው፤ ልጇ ቀንድ አውጥቶ፣ አድጎ፣ ወደ ሌላ ጫካ ሄዷል። ዋጋው አንድ ቁና ተኩል ነው አለች።

ትርንጎ በርጩማው ላይ ወጣች። እግሯ መርገጫው ጋ ደረሰ።

እሜት ዘርፌ በአንድ ቁና ስጪኝ አለች። ሚዳቋ ያለ ዱላ ከሆነ በአንድ እሰጣለሁ አለች። እንዲህ ሲባባሉ አሮጌው ከበሮ ጣልቃ ገባ።

«ከዋጋው በፊት እኔም የምለው አለ። የሚመታኝን አልፈራም፤ ለዚያ ነው የተሠራሁት። የሚወጋኝን ግን እፈራለሁ። የዚች ልጅ ወስፌ አንድ ጊዜ ቢነካኝ እኔ የለሁም።»

እሜት ዘርፌ አፈረች፤ የተባለው እውነት ነውና። አባቷ ከሞተ ወዲህ ወስፌዋ ተኝቶ አያውቅም ብላ በዝግታ ነገረችው። ሚዳቋ መሬት መሬት አየች።

«ልሞክር» አለች ትርንጎ። በዚያ ሳምንት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

መታች። ተሳሳተች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና ተሳሳተች፤ አሁንም ጀመረች። እናቷ ከኋላ ቆማ ስታይ፣ የልጇ የአንገት ወስፌ ዝቅ አለ። ቀጥሎ የትከሻዋ ዝቅ አለ። ቀጥሎ የወገቧ ዝቅ አለ። ልጅቱ ራሷ አላወቀችም፤ ትመታለች።

«ይሁን» አለ ከበሮው። «ውሰዱኝ።»

እሜት ዘርፌ የማለችውን መሐላ አስታወሰች። ከዚያ ጨርቁን ፈታች። ዱላውም እንዲጨመርላት ግማሹን ቁና ሰፍራ ጨረሰች እንጂ አልመለሰችውም። ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ እጇን በልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈች። እጇ አልተወጋም።

በማግስቱ ዝንጀሮና ጎረቤቶቹ ሊያዩ መጡ። ትርንጎ መታችላቸው። መጥፎ ነበር። ጎረቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ዳኛው አዞሩ። ዝንጀሮ ጆሮውን አሸት አሸት አድርጎ፣ ፍርዱ የራሷ ይኑራት ይላል እንጂ ጥሩ አድርጋ ትምታ አይልም አለ። ከሰዓት በኋላ ብቻ እንድትመታ ተስማምተው ተበተኑ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ድንቹ በነሐሴ አለቀ፤ እናትና ልጅ ሥራሥር እየቆፈሩ በሉ። ትርንጎ ግን በአራተኛው ቀን አልተወችም፤ በአርባኛውም አልተወችም። መስከረም ሲጠባ ሁለት እጇና አንድ እግሯ ተስማሙ። አንድ ቀን እሜት ዘርፌ ከደጅ ስትቆፍር፣ የራሷ እግር ከልጇ ምት ጋር አብሮ መሬቱን ሲረግጥ አገኘችው። አቆመችው። ያየ ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን ቃኘች። ማንም አልነበረም። ተወችው፣ ይርገጥ ብላ።

እንግዲህ ለጀማሪ ልጅ ከበሮ የምትገዙ፣ ብዛቱን አትቁጠሩ፣ ቀለሙንም አትዩ። ልጁን በርጩማው ላይ አስቀምጡና እግሩ መድረሱን እዩ፤ ሁለት ጊዜ ይምታው፤ ሲመታም ከበሮውን ትታችሁ ልጁን እዩት። የኔ ወሬ ይኸው ነው፤ የተሻለ ያለው ይቀጥል፣ እኔ ውኃ ልጠጣ።