በር ላይ የሚወለዱ በሽተኞች

የዓይን ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ልዑልሰገድ፣ በሽተኛ የሚመዘገብባቸውን ትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ታብሌቶች ካስገባ ወዲህ ወረፋውን ከአምስት ሰዓት ወደ ዘጠኝ ደቂቃ አወረድኩት እያለ ያላወራበት ስብሰባ የለም። ከእሱ ሌላ ምስጢሩን የምታውቀው ነርሷ ሲስተር አስካለ ብቻ ናት። በዶክተሩ ትእዛዝ፣ በሽተኛውን ታብሌቱ ላይ የምትመዘግበው ሆስፒታል ሲደርስ ሳይሆን ተራው ደርሶ በሩ ላይ ሲቆም ነው፤ ታብሌቱም ደቂቃ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ለባሏ እንኳ መናገር አፍራ ኖራለች።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ዶክተሩ ከንጋት ጀምረው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ደርሰው እስኪመዘገቡ ጠብቆ፣ በጆሯቸው «ያመስግኑን፤ አለዚያ የዓይንዎ ቀዶ ሕክምና ለከርሞ ይተላለፋል» አላቸው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ፤

«እማማ፣ ምን ያህል ጠበቁ? ታብሌቱ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል።»

«እኔ እንኳ ጎህ ሳይቀድ ነው የመጣሁት። ይሄ ዕቃ አይሳሳትም?»

«በፍጹም አይሳሳትም።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ከተወለድኩ ዘጠኝ ደቂቃዬ ነው ማለት ነው። የዘጠኝ ደቂቃ ሕፃን በእግሩ አይሄድም፤ አሁን በጆሮዬ እንዳልከኝም ለከርሞ አይቀጠርም። በል እቀፈኝና አስገባኝ።»

እንግዶቹ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። ዶክተሩ ወደ ሲስተር አስካለ ዞረ። እሷም አንገቷን እንደደፋች ታብሌቱን ለእንግዶቹ ሰጠችና፣ «በሽተኞቹን ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ በር ላይ ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ» አለች።