ሐጅ ሱሩር ደጅ አዳሪዎቹን የቆጠሩ ጊዜ

በቀደመው ዘመን፣ ዙሪያዋን በግንብ በታጠረች አንዲት ከተማ ሐጅ ሱሩር የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። «ሲለኩም ሲናገሩም አያጓድሉም» ይባልላቸው ነበር። ድርቅ በገባበት ዓመት የከተማዋ ቃዲ አስጠሯቸውና፣ «የዘካው እህል ከመከፈሉ በፊት ቤት አጥቶ ሜዳ የሚያድረው ስንት እንደሆነ ማወቅ አለብን። ይህ አማና ነው፤ አደራውን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ» አሏቸው።

ሐጅ ሱሩር ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደጅ አዳሪዎቹ ወደሚጠጉበት ወደ ግንቡ ጥግ ወረዱ። ሰዉ ገና ሲያያቸው ጨርቁን እየሰበሰበ ሸሸ። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ቆጥራችሁ ልታባርሩን ነው?» አሉ፤ የቆጠራው ወሬ ቀድሞ ደርሷቸው ነበር። «ባለፈው የቆጠሩን ሰዎች በማግስቱ ዱላ ይዘው መጡ።»

ሐጅ ሱሩር ኩታቸውን ሰብስበው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እናቴ። ዱላ አልያዝኩም። ስምዎ ማነው? ከቤትዎስ ምን አወጣዎ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ስማቸውን የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«ዙለይካ እባላለሁ፤ የግንበኛው የዐብዱሰመድ ልጅ። ባሌ ሲሞት ኪራዩ አቃተኝ። ስሜን የሚጠሩ ከሆነ ከነአባቴ ይጥሩኝ!»

ሐጅ ሱሩር ሱቃቸውን ዘግተው ቀን በቀን ተመላለሱ። የሸሸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በሬው ያለቀበት ገበሬ አለ፣ እጁ የሰለለ ሸማኔ አለ፣ ልጆቿን ይዛ አገር አቋርጣ የመጣች አለች። ሁሉንም ስሙንና ከቤቱ ያወጣውን ነገር ጠየቁ።

ይህን የሰሙት የንግድ ሸሪካቸው ሐጅ ጀውሃር እየተቆጡ መጡ። «‹ድሃችን ደጅ አያድርም› ብለን ስንኮራ ኖረን አሁን ሊያዋርዱን ነው? ግማሹ እኮ መንገደኛ ነው። እሱን ይተዉትና ሠላሳ አርባ ይበሉ።»

«መንገደኛውንማ ቁርኣኑ ራሱ ከዘካ ባለመብቶች ቆጥሮታል። አላህ የቆጠረውን እኔ ልሰርዝ?»

«እንግዲያው ንግዳችን እዚህ ላይ ያብቃ!»

ሐጅ ሱሩር ደነገጡ፤ አብረው ያረጁበት ሽርክና ነበር። ከዚያም «ሲሳይ የሚሰጠው፣ ረዛቂው አላህ ነው» ብለው ተነሱ።

ጁምዓ ዕለት ቃዲው ቁጥሩን በመስጊድ በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ጠየቋቸው።

«ሁለት መቶ አስራ አራት» አሉ ሐጅ ሱሩር።

ከዚያ ስማችን ይጠራ ያሉትን ብቻ መጥራት ጀመሩ። «ዙለይካ፣ የግንበኛው የዐብዱሰመድ ልጅ» ሲሉ አንድ ሽማግሌ ከፊተኛው የሰጋጆች ሶፍ ብድግ አሉ።

«ይህን ሚናራ የሠራው ዐብዱሰመድ? ልጁ ደጅ ስታድር? ከእኔ ቤት ትግባ!»

ሌላው ሸማኔውን አወቀ። ሦስተኛው ጭራሽ የማያውቀውን መንገደኛ ወሰደ። ሐጅ ሱሩር የጨርቅ መጋዘናቸውን ከፈቱ፤ ለተረፈው በመስጊዱ ግቢ ዳስ ተጣለ፤ እህሉም በእውነተኛው ቁጥር ተከፈለ። ሐጅ ጀውሃር አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ሽርክናውም አልተመለሰም። ዙለይካ ግን በሽማግሌው ሚስት እጅ ተይዘው በከተማዋ መሐል ሲያልፉ እንደ ሙሽራ ቀና ብለው ነበር።

ቃዲው፣ «ቆጠራው ለምን ይህን ያህል ቆየ?» ቢሏቸው ሐጅ ሱሩር እንዲህ መለሱ፦

«ስሙን ያልጠየቁትን ሰው ቆጠርኩ አይባልም።»

ወገኖቼ፣ ያቺ ከተማ ከዚያ ወዲህም መኩራቷን አልተወችም፤ ይልቁንም የሚያኮራትን አገኘች። እኛም በየከተማችን ሚናራና ገበያ እንኮራለን፤ ይሁን። ግን በቂያማ ቀን በደጃችን ስላደረው ሰው ስንጠየቅ «ብዙ ነበሩ» ማለት መልስ አይሆነንም። አንድ በአንድ ነው የምንጠየቀው።